ድንኳኑ የተራመደበት ቅዳሜ

ባለፈው ዓመት ወደ ጂንካ ስመለስ ሚኒባሳችን ወይጦ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ተሳፋሪው ወርዶ ሙዝ ሲገዛ እኔ ጎሚስታው ዘንድ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ የውስጡን ጎማ ከውሃ አውጥቶ፣ የሚተነፍሰውን ቦታ በሞረድ ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀባና እንዲደርቅ እፍ አለበት። የተፋቀ ጎማና የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። አንድ ሰው ትንሽ ጥቁር ኳስ መዳፌ ላይ እንዲያስቀምጥልኝ እየጠበቅኩ ነበር።

«ምን ፈለግሽ እህቴ?» አለኝ ልጁ።

«ምንም። ጨርስ።»

ጋሽ ማርቆስ ጎሚስታ ነበር። ከጋሞ ደጋ ተነስቶ ጂንካ የገባው መንገድ ከሚሠራ የውጭ ኩባንያ ጋር ነው። የገልባጭ መኪኖቹን ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ፣ ኩባንያው ሥራውን ጨርሶ ሲነቀል እሱ አግብቶ ልጅ ወልዶ ስለነበር ቀረ። ኩባንያው ካምፑ ዳር ሌላም ነገር ጥሎ ሄዷል፤ ሦስት ረጃጅም ነጭ ግድግዳና አንድ ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል።

የስኳሽ ሜዳ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው፣ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በትንሽ የጎማ ኳስ በየተራ ይመቱታል። ኳሷ ሁለቴ እስክትነጥር ያልደረሰባት ነጥብ ያጣል። ጨዋታው ይኸው ነው። ክፍሉ አራት ግድግዳ ሊኖረው ይገባል፤ የእኛ ግን የኋላው እንጨት ስለነበር ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር በሐራጅ ተሸጦ ሦስቱ ብቻ ቀርተው ነበር። ከካምፑ ቀያሾች አንዱ የሆነ ፓኪስታናዊ፣ ተጋጣሚ ቢያጣ ጊዜ፣ ጎሚስታውን አስተምሮ ሲጫወት ከረመ። ሲሄድ ሁለት ራኬት፣ ጥቂት ኳሶችና ከመጽሔት የተቀደደ አንድ ገጽ ተወለት።

እኔ ጋሽ ማርቆስን ባወቅኩበት ዓመት ከገዘር ወርጄ አክስቴ ቤት እየኖርኩ የምማር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሊድያ የጋሽ ማርቆስ ብቸኛ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ዞር ብላ፣

«አንቺ የገዘሯ፣ መምታት ትችያለሽ?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ግድግዳ።»

ዝናቡ ጠፍቶ ወለሉ ሲደርቅ ወደ አባቷ ወሰደችኝ። ጋሽ ማርቆስ ራኬቱን አስያዘኝ። በእሱ አማርኛ ሴትም ወንድም «አንተ» ነው።

«ና አንተ ልጅ። ይሄ መጥበሻ አይደለም። እንደዚህ ያዝ። እጅህን አትፍራው፣ የራስህ ነው።»

የራኬቱ ክር ሲበጠስ ከወንዝ ዳሩ ከዱስ በኩል የሚመጣ ሹፌር በሚያቀብለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይወጥረው ነበር። ለኳሱ ግን መላ አልነበረውም። እኔ ስደርስ የቀረችው አንዲት ኳስ ነበረች፤ እሷም ወገቧ ላይ ተሰንጥቃ በውስጥ ጎማ ቁራጭ ተለጥፋለች። ስትነጥር ወደ ልጣፊዋ ጎን ትዘነብላለች። ወደ ቀኝ ስትጠብቃት ወደ ጉልበትህ ትመጣለች።

«መሬት ሳይነካ ምታው» ይላል ጋሽ ማርቆስ። «መሬት ከነካ የሰው ቃል አይሰማም።»

መሬት ሳትነካ የምንመታት ሌላም ምክንያት ነበረን። ከወለሉ ኋላ ሣር የዋጠው ቁልቁለት አለ። ያሳለፋት ወርዶ ያመጣል፤ በዚያ ሣር ውስጥ ደግሞ እባብ ሲገባ ሁለታችንም በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ ወደ ኋላ መሸሽ የሚባል ነገር አልተማርንም። ኳሷ ገና ከግድግዳው ስትላቀቅ ሮጠን አየር ላይ እንቀበላት ነበር። ጨዋታው በሌላ አገርም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

የስኳሽ ኳስ ስትቀዘቅዝ አትነጥርም፤ ድንጋይ ናት። ጋሽ ማርቆስ ጎማ እየለጠፈ ብብቱ ሥር ይይዛትና ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያወጣልናል። መጀመሪያ ሰሞን ክንዱን ከጎኑ ሳያላቅቅ፣ እንደታቀፈች ዶሮ ረጋ ብሎ ሲሠራ አይቼ፣

«መቼ ነው የምትፈለፍለው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሊድያ መሬት ላይ ተንከባለለች። እሱ አልሳቀብኝም። ኳሷን አውጥቶ ጉንጬ ላይ አስነካኝ፤ ትሞቃለች፣ የማስቲሽና የላብ ሽታ አላት።

«ገና ነው» አለኝ።

ያቺ የመጽሔት ገጽ ከጎሚስታ ቤቱ በር ጀርባ ተለጥፋ ነበር። በታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ያሸነፉ ልጆች ፎቶ ነው፤ ከግብፅ፣ ከማሌዥያ፣ ከፓኪስታን የመጡ። አንዷ ዋንጫውን ደረቷ ላይ አቅፋ ዓይኗን ጨፍናለች። በዕድሜ ከእኛ አይበልጡም። ሁሉም ትልልቅ መነጽር አድርገዋል። እኔ ይህን ስመለከት ከርሜ አንድ ነገር ገባኝ፦ ሻምፒዮን የሚሆኑት ዓይናቸው የታመመ ልጆች ናቸው። ግድግዳ እንዲመቱ የሚፈቀድላቸው ሌላ ሥራ ስለማይችሉ ይሆናል። አመሻሽ ላይ ለአክስቴ ዓይኔን እያመመኝ መሆኑን ነገርኳት። ወደ ደጅ አውጥታ ሽፋሽፍቴን ገልጣ አየችኝና፣

«አንቺን የሚያምሽ ሥራ መጥላት ነው» አለችኝ።

ጋሽ ማርቆስ ነገሩን ሲሰማ መነጽሩ ዓይን በኳስ እንዳይመታ መሆኑን አስረዳኝ፤ በውድድር ላይ ልጅ ያለ መነጽር አይገባም። በማግስቱ ብረት ሲሞርድ ከሚያደርጋቸው መነጽሮች ለሁለታችንም ሰጠን። ጠርዛቸው ግንባር ይቆርጣል፤ ላብ ሲገባባቸው ግድግዳው በጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል።

ከዚያ ወለል ላይ የሚያባርረን ሰው ቢኖር የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበር አቶ ኢሳያስ ነው። በሰፈራችን ሲሚንቶ የፈሰሰበት ሰፊ ቦታ ያ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ኮንፍረንስ ሲኖር መዘምራን ይቆሙበታል፤ ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን ይተከልበታል፤ ከሁሉም በላይ ግን የአቶ ኢሳያስ በቆሎ ይሰጣበታል።

«ማርቆስ፣ ሰው እህል የሚያደርቅበት ላይ ግድግዳ ትደበድባለህ?»

«ያንተ በቆሎ ይነጥራል?»

«ያንተ ኳስ ይበላል?»

«ካፈላኸው ምን ይታወቃል።»

ሁለቱም እየተሳደቡ በቆሎውን ወደ አንድ ጥግ ይጠርጉልን ነበር። አቶ ኢሳያስ ከዚያ በኋላ አይሄድም። ጥጉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ለበቆሎው ዘብ የቆመ መስሎ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ያያል። ሊድያ ስታሸንፈኝ «የገዘር ጎመን!» ይለኛል። እኔ ሳሸንፍ አንድ ፍሬ በቆሎ ይቆረጥማል።

የካቲት ላይ ጋሽ ማርቆስ ከመቆም ይልቅ መቀመጥ አበዛ። መለጠፉን ለአንድ ልጅ እያሳየ ያሠራል። ኮቱን በፀሐይም አያወልቅም። እኛ ያስተዋልነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኳሷ ቶሎ መሞቅ ጀመረች። ድሮ ትምህርት ቤት ውለን እስክንመለስ ይይዛት ነበር፤ አሁን እጁ ላይ ጥቂት ካቆያት እንደ ተቀቀለ ድንች ታቃጥላለች። «አባዬ ጎበዘ» አለች ሊድያ። እኔም አመንኩ። ደስ ብሎን እየተሻማን ወደ ወለሉ እንሮጥ ነበር። እትዬ ማርታ፣ የሊድያ እናት፣ ከበሩ ሆና ስታየን ለምን ፊቷን እንደምታዞር አልገባኝም።

በዚያው ሰሞን ነው ወሬው የመጣው። ፓኪስታናዊው ቀያሽ አሁን በሌላ ሥራ አዲስ አበባ ነበር፤ ስለ እኛ ከጋሽ ማርቆስ በስልክ ሰምቶ ለአንድ የስኳሽ አሰልጣኝ ነግሮታል። አሰልጣኙ ናይሮቢ ለሚደረግ የታዳጊዎች ውድድር ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች የሆነች አንዲት ልጅ የመውሰድ ዕድል አግኝቷል። አንዲት ብቻ። ጂንካ መጥቶ ሁለታችንን አጋጥሞ ያሸነፈችውን ሰኞ ይዞ ይመለሳል። ቀጠሮው ቅዳሜ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሊድያ ጋር ክፍል ውስጥ ተቀራርበን መቀመጥ አቆምን። ተጣልተን አይደለም። ቦርሳችን መካከላችን ላይ መቀመጥ ጀመረ፤ በቃ። አቶ ኢሳያስ ጋሽ ማርቆስን «ለመሆኑ ማንኛዋ እንድትሄድ ትፈልጋለህ?» ሲለው ሰማሁ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ።

«አሸናፊው» አለ ጋሽ ማርቆስ፣ ዓይኑን ከጎማው ሳያነሳ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ። አክስቴ ነጠላዋን እየፈለገች «ማን ይሆን?» ስትል ደጅ ያለፈ ሰው «ማርቆስ ጎሚስታው» ብሎ መለሰላት። እኔ የመሰለኝ ጋሽ ማርቆስ የሞተ ሰው ስም ሊናገር የመጣ ነው። ወጥቼ ላየው በር ድረስ ሄድኩ።

ሐሙስ ቀበርነው። ድንኳኑ ወለሉ ላይ ተተከለ፤ ጫፉ የፊቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀዩ የጨዋታ መስመር ከለቀስተኛው ጭንቅላት በላይ እየታየ። ሊድያ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ከእናቷ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገብቼ ሳምኳት። ጉንጯ ጨው ጨው ይላል። ስለ ቅዳሜ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሳሁም። በልቤ ግን ከቅዳሜ ሌላ ነገር አልነበረም። ናይሮቢን እፈልጋታለሁ። ጋሽ ማርቆስን ደግሞ እፈልገዋለሁ። ሁለቱ ሆዴ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚቀመጡ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሰልጣኙ ትልቅ ቦርሳ አንግቶ መጣ። ወጣት ነው፤ ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ሰዎቹ ለቅሶ ደራሽ መስሏቸው ወንበር ሰጡት። ተቀመጠ። ከቆየ በኋላ አቶ ኢሳያስን ጠጋ ብሎ ሲያናግረው፣ አቶ ኢሳያስ እኔን ጠርቶ አጠገቡ አቁሞኝ ስለነበር ሰማሁ።

«አዝናለሁ። አላወቅኩም። ሌላ ቀን ልል አልችልም፤ ሰኞ መመለስ አለብኝ። እንግዲህ ይቺን ልጅ...» ወደ እኔ ጠቆመ፣ «እሷን እወስዳለሁ። ሌላ ምን ይደረጋል።»

እንደዚያ ቀላል ሆነ። አሸነፍኩ ማለት ነው፤ ራኬት ሳልይዝ። ቀና ስል ሊድያ ምንጣፉ ላይ ቆማለች።

«እኔ እጫወታለሁ።»

ከሴቶቹ መሃል «ውይ! የአባቷ አፈር ሳይደርቅ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አንዷ ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች። ሊድያ አልተቀመጠችም። ሁሉም ወደ እትዬ ማርታ ዞረ።

«እሱ ቢኖር ዛሬ የት ነበር የሚቆመው?» አለች። «ኢሳያስ፣ ድንኳኑን አንሱልኝ።»

አቶ ኢሳያስ ላብ አጠመቀው። «እህቴ፣ ደንብ አለን። ማታ ሳይጸለይ ድንኳን አይፈርስም። እኔ ነኝ ያስወሰንኩት፣ እኔው እንዴት አፈርሳለሁ?»

አቶ ኢሳያስ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና፣

«አይፈርስም» አለ። «ይሄዳል። ወንዶች! ምሰሶ ያዙ!»

ወንዶቹ ጫማቸውን አጥብቀው ተነሱ። በየምሰሶው ሁለት ሁለት ሆነው፣ ገመዱን ልጆች አስይዘው፣ «ባንዴ!» ሲባል ድንኳኑን እንደቆመ ከወለሉ አላቀቁት። ሴቶቹ ከሥሩ ሳይወጡ፣ ወንበሩን አንስተው ምንጣፉን ጠቅልለው፣ እትዬ ማርታን መሃል አድርገው ከድንኳኑ ጋር እኩል ተራመዱ። ሸራው እየተንቀጠቀጠ፣ «ቀስ! ቀኝ ዝቅ በሉ!» እየተባለ፣ የሐዘን ድንኳናችን በእግሩ ሄዶ ከወለሉ በስተኋላ ሣሩ ላይ ቆመ። አራተኛው ግድግዳ በሌለበት ቦታ ሰው ተደርድሮ ተቀመጠ። የሳቀ አልነበረም። እኔ ግን ሳቅ ቢፈቀድ ኖሮ መጀመሪያ የሚስቀው ማን እንደነበር ሁሉም የሚያውቅ መሰለኝ።

አሰልጣኙ ከቦርሳው አዲስ ኳስ አወጣ። ልጣፊ የሌላት፣ እንደ ወይራ ፍሬ የምታብለጨልጭ። ሊድያ ተቀበለቻት፤ ጨመቅ አደረገቻትና ብብቷ ሥር ከታ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ኳሷን እያሞቀች ነው። ሰዎቹ ግን የምትጸልይ መስሏቸው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ዓይኗን ስትገልጥ ከድንኳኑ «አሜን» የሚል ድምፅ መጣ።

መነጽራችንን ስናጠልቅ ጠጋ አለችኝ።

«ካዘንሽልኝ አልለቅሽም።»

«አላዝንልሽም።»

«ማይልኝ።»

«ሙች!»

ሦስት ዙር ቀድማ ያሸነፈች ትሄዳለች ተባለ። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ተሳሳትን። አዲሷ ኳስ ስትነጥር ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ እኛ ደግሞ የምታዘነብልበትን ጎን እየጠበቅን አየር እንመታለን። ስለዚህ እንደ ለመድነው መሬት ሳትነካ መቀበል ጀመርን። አሰልጣኙ «ኋላ ተውት! ወደ ኋላ ተመለሱ!» አለ፤ ዞር ብሎ ኋላ ያለው የሰው ጉልበት መሆኑን ሲያይ ተወ። ሊድያ ሁለት ዙር ወሰደችብኝ። እንደዚያ ስትመታ አይቼ አላውቅም። ራኬቱ ግድግዳውን ራሱን የሚመታ ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ዙር ከድንኳኑ አንዲት አሮጊት በቀስታ መዝሙር ጀመሩ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። አሰልጣኙ እጁን አንስቶ ዝምታ ሲጠይቅ አቶ ኢሳያስ እጁን ያዘው።

«ለቅሶ ቤት ነው ወንድሜ። ዝም በሉ አይባልም።»

ሊድያ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የለውም፤ በመነጽሩ ጠርዝ በኩል ወደ አፏ የሚወርደውን ብቻ አያለሁ። የመነጽሯ ውስጥ ነጭ ሆኗል። በየመሃሉ አንስታ በቀሚሷ ትጠርገዋለች፤ ወዲያው ይደፈናል። እኔ በኳሷ ድምፅ መጫወት ያዝኩ፤ እሷ የማታያትን ኳስ በጆሮዋ እንደምትከተል ስለገባኝ በለስላሳው መምታት ጀመርኩ። ለስላሳ ምት ድምፅ የለውም። ሦስተኛውን ወሰድኩ። አራተኛውንም። አላዘንኩላትም። ቃል ገብቼ ነበር፤ ደግሞም መሄድ እፈልግ ነበር።

በመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ ረጅም ምልልስ ሆነ። መዝሙሩ ከፍ ብሏል። ሊድያ ወደ ድንኳኑ ተገፍታ፣ ተረከዟ ከወለሉ ጫፍ ላይ ቆማ መለሰችልኝ። እኔ ከፊት ነበርኩ። ኳሷን በራኬቱ ዳሰስኳት እንጂ አልመታኋትም። ግድግዳውን ነክታ ወደ እግሩ ወደቀች። ሊድያ ሮጠች፤ ወዴት እንደምትሮጥ ግን አላወቀችም። ኳሷ ሁለቴ ነጠረች፣ ሦስቴ ነጠረች፣ ተንከባልላ ጥጉ ላይ ቆመች።

ማንም አላጨበጨበም። በለቅሶ አይጨበጨብም።

ናይሮቢ ሄድኩ። የኋላው ግድግዳ መስታወት የሆነ ሜዳ አየሁ፤ ተጋጣሚዬ ኳሷን ሆን ብላ አሳልፋ፣ ከመስታወቱ ነጥራ ስትመለስላት ረጋ ብላ ስትመታት አጭበረበረች ብዬ ለዳኛው በአማርኛ ተሟገትኩ። አንድ ጨዋታ አሸነፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ተሸነፍኩ። በመጨረሻው ቀን የካይሮዋ ልጅ ሻምፒዮን ሆነች። ከፍ ያለ ሣጥን ላይ አቆሟት፣ ሜዳሊያ አጠለቁላት፣ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ ሁሉም ቦርሳውን አንስቶ ሄደ፤ እሷ ሣጥኑ ላይ ብቻዋን ቀርታ ወዴት እንደምትወርድ ትፈልግ ነበር።

እኔን ያን ቅዳሜ ብቻዬን የተወኝ አልነበረም። ራኬቱን ይዤ ወለሉ መሃል እንደቆምኩ እትዬ ማርታ ከድንኳኑ ወጣች። በባዶ እግሯ ሲሚንቶውን አቋርጣ መጣችና መነጽሩን ከፊቴ አወለቀችልኝ። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ምንጣፉ ላይ፣ በእሷና በሊድያ መካከል፣ የሟች ልጆች በሚቀመጡበት ቦታ አስቀመጠችኝ። ነጠላዋን ዘርግታ ለሁለታችንም አለበሰችን። ከሥሩ የሊድያ ትከሻ ገና ያለከልካል፤ የእኔም።

ሰው ተሰለፈ። ማን እንደጀመረው አላየሁም። መጀመሪያ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የሊድያን እጅ ጨበጡ፣ ቀጥሎ የእኔን። «ጌታ ያጽናሽ» አሉኝ። ከዚያ የምሰሶ ተሸካሚዎቹ፣ አክስቴ፣ የክፍላችን ልጆች። «ያጽናሽ። ያጽናሽ።» አቶ ኢሳያስ ተራው ሲደርስ የሚለው ጠፍቶት፣ የሁለታችንንም እጅ አንድ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ጨበጠና አለፈ። አሰልጣኙ ዳር ቆሞ ነበር። ኮፍያውን ሲያሽከረክር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ፊቴ ሲደርስ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ እንደፈለገ ከአፉ አየሁ። አፉን ዘጋ። ጎንበስ ብሎ ያላበውን እጄን ያዘ።

«ጌታ ያጽናችሁ» አለ።

«አሜን» አልን እኔና ሊድያ፣ እኩል። እሱም አለፈ፤ ከኋላው ገና ብዙ ሰው ነበር።